የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ብልሽት፦ ከመለወጥ በፊት መለካት

አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር በመሆኑ፣ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዘው የሚገቡ ከባድ ተሽከርካሪዎችም ሆኑ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚወጡ የቤት መኪኖች በአብዛኛው የሚያልፉት በዚሁ ሲሆን፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝም ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ ላቫጆውና የመለዋወጫ ሱቁ ተያይዞ ይታያል። በአካባቢው የብረት ሙያ ሥር የሰደደ ነው፤ የአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካም ሆነ የቃሊቲ ብረታ ብረት ፋብሪካ የቆሙት በዚሁ ምድር ላይ ሲሆን፣ በየጋራዡም የተበላ ዘንግ በቶርኖ ይቀረጻል፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ ይበየዳል፣ የረገበ ባላስትራ ይታደሳል። በመኪና ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ እየበዛ ሲሄድ ግን በመዶሻም ሆነ በብየዳ የማይደረስበት፣ በዓይንም የማይታይ ሌላ ዓይነት ብልሽት መጥቷል። ከእነዚህ አንዱ የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ብልሽት ነው፤ በዚህ ብልሽት ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስህተትም ዕቃውን ሳይለኩ መለወጥ፣ ከዚያም የማስጠንቀቂያ መብራቱ ሳይጠፋ ሲቀር ሌላ ዕቃ መግዛት በመሆኑ፣ የምርመራው ሥርዓት ለመካኒክ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ለሚከፍለው ባለመኪናም ቢገለጽ የሚጠቅም ነው።

ሴንሰር ማለት አንድን የተፈጥሮ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ሙቀትን፣ ግፊትን ወይም እንቅስቃሴን፣ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ለኮምፒውተር የሚያቀብል ትንሽ መሣሪያ ነው። የጎማ ፍጥነት ሴንሰር በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች በአራቱም ጎማዎች አጠገብ፣ ከፍሬን ዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጀርባ የሚገኝ ሲሆን፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ጥርሳማ ቀለበት በፊቱ ሲያልፍ እያንዳንዱን ጥርስ አንድ የኤሌክትሪክ ምት አድርጎ ይቆጥራል። ቀለበቱ 48 ጥርስ፣ የጎማው ዙሪያ ደግሞ 1.8 ሜትር ያህል ቢሆን፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ጎማ ብቻ በየሴኮንዱ ወደ 300 የሚጠጉ ምቶችን ይልካል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የአራቱን ጎማዎች ምት እያነጻጸረ የትኛው እንደፈጠነ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ የትኛው ደግሞ መዞር ሊያቆም እንደተቃረበ ያውቃል።

ይህ መረጃ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ኤቢኤስ ለተባለው ሥርዓት ነው። አሽከርካሪ ደንግጦ ፍሬን አጥብቆ ሲይዝ ጎማው ፈጽሞ ሊቆለፍ፣ ማለትም መኪናው እየሄደ እርሱ ሳይዞር ሊንሸራተት ይችላል፤ የተቆለፈ የፊት ጎማ ደግሞ መሪው ወዴትም ቢዞር መኪናውን ወደ ቀጥታው ብቻ ይወስደዋል። ኤቢኤስ መቆለፍ የጀመረውን ጎማ ከሴንሰሩ ምልክት ተረድቶ የፍሬኑን ግፊት በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ እየለቀቀና መልሶ እየያዘ ጎማው መዞሩን እንዲቀጥል ያደርጋል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ላይ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ቴክኖሎጂው ከቅንጦት መኪኖች ወደ ተራዎቹ ወርዷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደግሞ መኪና በኩርባ ላይ እንዳይፈናጠር የሚከላከለው የመረጋጋት ሥርዓት በዚያው ሴንሰር ላይ ተመሥርቶ መጣ። ዛሬ ጎማ በጭቃ ላይ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው መቆጣጠሪያ፣ በአንዳንድ መኪኖችም የፍጥነት መለኪያው ቀስትና የጎማ አየር መቀነስን የሚያሳውቀው መብራት ጭምር የሚኖሩት በእነዚሁ አራት ሴንሰሮች ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲበላሽ በዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ሦስት መብራት በአንድ ጊዜ ቢበራ ሁለት ሦስት ብልሽት ተፈጠረ ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያ መንገዶች ለብዙ ዘመን ያገለገሉት እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ መኪኖች ኤቢኤስ ስላልነበራቸው፣ ብዙ አሽከርካሪ መብራቱን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ ለወራት ሲነዳ ይገኛል። ይህ አመለካከት በከፊል እውነት፣ በከፊል ግን አደገኛ ነው። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ ተራው ፍሬን እንደ ወትሮው ይሠራል፤ የጠፋው ከመቆለፍ የሚያድነው ረዳት ነው። ከቢጫው ጋር ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የፍሬን ኃይል የሚያከፋፍለው ሥርዓት ሥራ አቁሞ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ሊቆለፉና መኪናውን ሊያሽከረክሩት ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ መኪናውን አቁሞ ማስመርመር እንጂ መንዳት አይገባም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ይጓዛልና፣ በከተማ ውስጥ በ30 ሲነዳ ምንም ያልመሰለው የጠፋ ረዳት በዚያ ፍጥነት፣ በተለይም በእርጥብ አስፋልት ላይ፣ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በአንጻሩ ልቅ ጠጠር በሆነ መንገድ ላይ ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያራዝም እንደሚችልም መታወቅ አለበት፤ በዚያም ቢሆን መሪው መታዘዙን ይቀጥላል።

ምርመራው የሚለያየው እንደ ሴንሰሩ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ቀዳሚ ነገር ነው። አሮጌው ዓይነት በመግነጢስ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ሲሆን፣ ከውጭ ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ የቀለበቱ ጥርሶች ሲያልፉ ራሱ ተለዋዋጭ ጅረት ያመነጫል፤ ጉድለቱ ጎማው በጣም በዝግታ ሲዞር ምልክቱ እየደከመ መጥፋቱ ነው። አዲሱ ዓይነት ከኤቢኤስ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ የሚሠራ፣ በውስጡም ረቂቅ የኤሌክትሮኒክስ ቅንጣት ያለው ሲሆን፣ ምልክቱን የሚሰጠው በአብዛኛው በ7 እና በ14 ሚሊ አምፔር መካከል ከፍ ዝቅ በሚል ጅረት ነው፤ ጎማው ሊቆም ሲል እንኳ ይቆጥራል። ለዚህኛው ዓይነት ቀለበቱም ብዙ ጊዜ የብረት ጥርስ ሳይሆን በጎማው ኩሽኔታ ማኅተም ላይ የተለጠፈ፣ ሰሜንና ደቡብ ዋልታዎች በተራ የተደረደሩበት የመግነጢስ ቀለበት ነው። ሁለቱም ዓይነቶች ሁለት ሽቦ ስለሚኖራቸው ከውጭ አይለዩም፤ የሚለየው የመኪናው መመሪያ ወይም በሶኬቱ ላይ የሚለካው ቮልት ነው።

የአካባቢው ተፈጥሮም የራሱ ድርሻ አለው። የአቃቂ ሜዳ መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ሙጫ እየተጣበቀ በፓራፋንጎው ውስጥና በሴንሰሩ ሽቦ ዙሪያ ይከማቻል፤ በበጋ ደርቆ ሲጠነክር ደግሞ መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ሽቦውን ይጎትታል። የላቫጆው ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ በሶኬቱ ላይ በቀጥታ ሲረጭ የጎማ ማኅተሙን አልፎ ይገባና መዳቡን ያዝገዋል። ከፍሬኑ የሚረግፈው የብረት ብናኝ በአሮጌው ዓይነት ሴንሰር መግነጢስ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ምልክቱን ያደክማል። ከሁሉ በላይ ግን ጉዳት የሚያደርሰው፣ ኩሽኔታ ወይም የፍሬን ሸራ በሚለወጥበት ጊዜ ሽቦው ከመያዣው ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀርና በጎማው ወይም በሞላው ሲታሽ መሆኑን እዚህ ላይ አጽንቶ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ የሴንሰር ብልሽት የሚወለደው በሌላ ጥገና መካከል ነው።

ምርመራው የሚጀምረው መብራቱ ምን እንደሚል በትክክል ከመረዳት ነው። ኮምፒውተሩ «የቀኝ የፊት ሴንሰር» የሚል የስህተት ኮድ ሲያስቀምጥ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለቱ ሳይሆን፣ ከዚያ አቅጣጫ የሚጠብቀው ምልክት አልመጣም ወይም ከሌሎቹ ጋር አልተስማማም ማለቱ ነው፤ ምልክቱ የሚያልፍባቸው ደግሞ ቀለበቱ፣ ሴንሰሩ፣ ሽቦና ሶኬቱ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ናቸውና ከአራቱ ማንኛውም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ኮዱ የሚነበበው በስካነር ሲሆን፣ የሞተርን ኮድ ብቻ የሚያነቡ ርካሽ ስካነሮች የፍሬኑን ክፍል ስለማይደርሱበት ኤቢኤስን የሚያነብ መሣሪያ ማስፈለጉ መዘንጋት የለበትም። በአገሪቱ በብዛት በሚገኙት የቶዮታ መኪኖች ሲ 0200 የቀኝ የፊት፣ ሲ 0205 የግራ የፊት፣ ሲ 0210 የቀኝ የኋላ፣ ሲ 0215 የግራ የኋላ ጎማን ያመለክታሉ። ስካነር በማይገኝበት ጋራዥም ቢሆን በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ፣ 16 ቀዳዳ ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ውስጥ 4ኛውንና 13ኛውን በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍቱ የኤቢኤሱ መብራት ራሱ እየበራና እየጠፋ ኮዱን ይቆጥራል፤ ሦስት ጊዜ በርቶ ጥቂት አርፎ አንድ ጊዜ ቢበራ 31 ነው፣ ትርጉሙም የቀኝ የፊት ጎማ ነው፤ 32፣ 33 እና 34 ደግሞ በቅደም ተከተል የግራ የፊቱን፣ የቀኝ የኋላውንና የግራ የኋላውን ያሳያሉ። ቀዳዳዎቹን ተሳስቶ ሌላውን ማገናኘት ኮምፒውተር ሊያቃጥል ስለሚችል ቁጥሩን በሚገባ ያላረጋገጠ ሰው ባይሞክረው ይመረጣል።

ከኮዱ ቀጥሎ ያለው፣ ብዙዎችም የሚዘሉት፣ ከሁሉ ይልቅ ፍሬያማው ደረጃ መኪናው እየሄደ የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት በስካነሩ ላይ መመልከት ነው። አንድ ሰው ሲነዳ ሌላው ቁጥሮቹን ይከታተላል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ ሦስቱ 20 ሲያሳዩ አንደኛው ዜሮ ካለ ምልክቱ ፈጽሞ ተቋርጧል፤ ሲነሳና ሲቆም ብቻ ወደ ዜሮ ቀድሞ የሚወርድ ከሆነ ምልክቱ ደክሟልና የቆሸሸ ጫፍ፣ በሴንሰሩና በቀለበቱ መካከል የሰፋ ክፍተት ወይም የላላ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚዘል ቁጥር ደግሞ የተሰነጠቀ ወይም ጥርሱ የተሰበረ ቀለበት ምልክት ነው። ይህ የመጨረሻው ብልሽት መብራት ሳያበራ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ መኪናው በዝግታ ሊቆም ሲል፣ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ያለ ምክንያት የፍሬን ፔዳሉ በእግር ሥር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኮምፒውተሩ በሐሰት ምልክት ተታሎ ኤቢኤሱን እያነሳው ነው ማለት ነው፤ የመቆሚያው ርቀትም በዚያው ልክ ይረዝማል። አንድ ጎማ ዘወትር ከሌሎቹ በጥቂት መቶኛ ፈጥኖ ከታየ ግን ሴንሰሩን መክሰስ አያስፈልግም፤ የዚያ ጎማ ቁጥር ከሌሎቹ የተለየ፣ በጣም ያለቀ ወይም አየሩ የጎደለ መሆኑ ነው፤ አነስተኛ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ መዞር ስላለበት ፈጥኖ ይቆጠራል። ጎማ በጥንድ ሳይሆን አንድ በአንድ በሚገዛበት አገር ይህ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም።

የተጠረጠረው ጎማ ከታወቀ በኋላ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በድጋፍ ላይ ይቀመጥና ሽቦው ከሴንሰሩ እስከ መኪናው አካል ድረስ በጣት ይዳሰሳል። የሽቦው ሽፋን ሳይቀደድ ውስጡ ያለው የመዳብ ክር ሊበጠስ ስለሚችል፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው (ቴስተሩ) ተሰክቶ ሳለ ሽቦውን ማጠፍና ማወዛወዝ ያስፈልጋል፤ ንባቡ በእንቅስቃሴው ከተለዋወጠ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ለአሮጌው ዓይነት ሴንሰር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የሚለካው ተቃውሞ እንደ መኪናው ቢለያይም በብዙዎቹ ከ800 እስከ 2,500 ኦም ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ለማወቅ መመሪያ ከጠፋ ጤነኛ የሆነውን የሌላኛውን ወገን ጎማ ለክቶ ማነጻጸር ይበቃል። ከሽቦዎቹ ወደ መኪናው አካል ግን ምንም መተላለፍ የለበትም። ተቃውሞው ደህና ሆኖ ቴስተሩ በተለዋዋጭ ቮልት ላይ ተደርጎ ጎማው በእጅ በሴኮንድ አንድ ዙር ያህል ሲዞር የቮልት አሥረኛ የሚሆን ንባብ ካልታየ፣ ትኩረቱ ወደ ቀለበቱና ወደ ክፍተቱ ይዛወራል። ለአዲሱ ዓይነት ግን ይህ አለካክ አይሠራም፤ ተቃውሞውን መለካት ትርጉም የሌለው ከመሆኑም በላይ ቅንጣቱን ሊጎዳ ይችላል፤ የሚለካው ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፉ ሲከፈት ከኮምፒውተሩ በኩል የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ እርሱ ከሌለ አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ሴንሰር በሚጠቀሙባቸው መኪኖች ላይ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ ማዛወር ከሁሉ የረከሰው ማረጋገጫ ነው፤ ኮዱ ከሴንሰሩ ጋር ከሄደ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፤ በነበረበት ጎማ ከቀረ ሽቦው ወይም ቀለበቱ ነው። ዝገት ይዞት የማይወጣውን ሴንሰር በፒንሳ መጎተት ጤነኛውን መስበር ስለሆነ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ በዝግታ እያዞሩ ማውጣት ያሻል።

ጥገና ተደርጎለት ወዲያው የበራ መብራት የተለየ ትኩረት ይሻል። የመግነጢስ ቀለበት ያለው ኩሽኔታ ሲለወጥ ቀለበቱ ያለበት ፊት ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት፤ ሁለቱ ፊቶች ለዓይን ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ተገልብጦ የተገጠመ ኩሽኔታ ያለ እንከን ይዞራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያይም። ከመግጠም በፊት ረቂቅ የብረት ብናኝ ወደ ፊቱ ሲቀርብ የሚስበው ወገን ቀለበቱ ያለበት ነው። እንዲሁም የፊት ጎማዎቹ በሚጎትቱ መኪኖች ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ኃይልን ወደ ጎማው በሚያስተላልፈው ሲቪ ጆይንት ላይ የታሠረ ስለሆነ፣ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ወይም ከሱቅ ርካሽ ሲቪ ጆይንት ሲገዛ ቀለበት ያለው መሆኑንና የጥርሱም ብዛት ከቀድሞው እኩል መሆኑን አለመቁጠር፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንደገና ለመፍታት ይዳርጋል።

ቃሊቲን አቋርጠው ለሚያልፉት ከባድ መኪኖች ደግሞ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው የቀለለ ነው። በአየር ፍሬን በሚሠሩ መኪኖች ሴንሰሩ በቡሎን አይታሠርም፤ በሞላ መያዣ ተጨብጦ ብዙውን ጊዜ 100 ጥርስ ወዳለው ቀለበት ተገፍቶ ይቀመጣል። ኩሽኔታው ሲላላ የሚወዛወዘው ቀለበት ሴንሰሩን ወደ ኋላ እየገፋ ያርቀዋል፤ ስለዚህ ኩሽኔታውን አስተካክሎ ሴንሰሩን ቀለበቱን እስኪነካ በእጅ መልሶ መግፋት ብቻ መብራቱን የሚያጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዕቃ ለማስመጣት ከመሮጥ በፊት ይህን አለመሞከር፣ ለጭነት ባለቤት የሥራ ቀናትን ማቃጠል ነው።

የተቆረጠ ሽቦ ሲጠገን ክሮቹን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ክረምትም አይበቃም። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ የተጎነጎኑት ከሌሎች የኤሌክትሪክ መስመሮች የሚመጣውን ረብሻ ለማምከን ነውና ጉንጉኑ መጠበቅ፣ መገናኛው በሊድ ተያይዞ በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ መሸፈን፣ ቦታውም ሽቦው ከሚታጠፍበት አካል የራቀ መሆን አለበት። የመብራቱን አምፖል አውልቆ ችግሩን መደበቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ለዓመታዊ ምርመራ ቢያሳልፍ እንኳ መኪናውን የሚገዛውና በውስጡ የሚሳፈረው ሰው ረዳቱ መጥፋቱን የሚያውቅበትን ብቸኛ መንገድ ይዘጋል።

የዚህ ሙያ አስፈላጊነት ወደፊት እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከልክሏል፤ በመሆኑም በአገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከቀድሞው ለረዘመ ጊዜ ይጠገናሉ፣ ሴንሰሮቻቸውም አብረው ያረጃሉ። በምትካቸው የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ፍጥነት ሲቀንሱ ባትሪያቸውን መልሰው የሚሞሉበትን ኃይልና ተራውን ፍሬን አመጣጥነው የሚሠሩት የየጎማውን ፍጥነት እያወቁ ስለሆነ፣ አንድ ሴንሰር ሲጠፋ ይህን ሥራ ሊቀንሱ ወይም ሊያቆሙ ይችላሉ።

ጥገናው ሲያልቅ ኮዱ ይጠፋል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሥርዓቶች ራሳቸውን የሚፈትሹት መኪናው ተነሥቶ ጥቂት ፍጥነት ከያዘ በኋላ ስለሆነ በቆመ መኪና ላይ መብራቱ መጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንም። መኪናው ወጣ ብሎ በዝግታም በፍጥነትም ተነድቶ፣ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ አራቱ ቁጥሮች በስካነሩ ላይ አንድ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ መታየት አለባቸው። መብራቱ የሚመለሰው ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ የተጠረጠረውን ሶኬትና ሽቦ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ውሃ እየረጩ ንባቡን መከታተል ባለመኪናውን በደረቅ ቀን ከመሸኘትና እስከሚቀጥለው ዝናብ ከመጠበቅ ይሻላል።